የጥርስ ራጅ፦ ጨረሩ የሚባክነው የት ላይ ነው?

ለጥርስ ሕክምና ተማሪዎችና በክሊኒክ ራጅ ለሚያነሡ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ በሚመች መልኩ የተዘጋጀ

እንደምን ዋላችሁ።

ስለ ጨረር ደኅንነት ሲነሣ የሁሉም ሰው ዐይን የሚሄደው ግድግዳ ላይ ወደተሰቀለው የእርሳስ ኤፕረን፣ ጨረር ወደሚያግደው ከባድ መሸፈኛ ልብስ፣ ነው። ታካሚው ከለበሰው ግዴታችንን የተወጣን ይመስለናል። በጥርስ ራጅ ታካሚን የሚጠብቁት ትልልቆቹ ነገሮች ግን ኤፕረኑ ላይ አይደሉም። ጨረሩ በሚወጣበት ቱቦ፣ በኮኑ፣ ጫፍ ላይ፣ ፊልሙ ላይ፣ ፊልሙ በሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ውስጥና እጃችን ላይ ናቸው።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን በቁጥር እንጀምር። መላ አፍን የሚያሳይ የ18 ምስል ራጅ እንውሰድ። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በታተመ ልኬት መሠረት፣ በኤፍ ፍጥነት ፊልም (ትንሽ ጨረር በሚበቃው ፈጣን ፊልም) ወይም በፎስፈር ፕሌት (በፊልም ፈንታ በሚገባው፣ በኮምፒውተር በሚነበበው ሰሌዳ)፣ በአራት ማዕዘን ኮሊሜተር (ጨረሩን በሚያጠብበው ቀዳዳ) ከተነሣ ታካሚው የሚያገኘው ውጤታማ የጨረር መጠን 35 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው፤ ሲቨርት ጨረር በሰውነት ላይ ያለው ክብደት የሚለካበት ነው። ኮሊሜተሩ ክብ ሲሆን ቁጥሩ ወደ 171 ይወጣል። ፊልሙም ወደ ድሮው፣ ብዙ ጨረር ወደሚፈልገው ዲ ፍጥነት ከተመለሰ 388 ይደርሳል። አፉ ያው አፍ ነው፣ ምስሎቹም 18 ናቸው፣ ሐኪሙ የሚያነበውም ያንኑ ነው። ልዩነቱ ግን ዐሥራ አንድ እጥፍ ነው። በዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ኤፕረን እንዳልገባበት ልብ በሉ።

እነዚህን ቁጥሮች በምን እንመዝናቸው? የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከሕዋና ከሚተነፍሰው አየር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (2,400 ማይክሮሲቨርት) የተፈጥሮ ጨረር ያገኛል፤ በቀን ሲካፈል 6.6 ማይክሮሲቨርት ገደማ ነው። ስለዚህ 35ቱ የአምስት ቀን፣ 388ቱ የሁለት ወር ያህል የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። በዚያው ጥናት የተለኩት ዲጂታል ፓኖራሚክ ማሽኖች፣ ሁለቱንም መንጋጋ በአንድ ምስል የሚያነሡት፣ ለአንድ ምስል ከ14 እስከ 24 ማይክሮሲቨርት ሰጥተዋል። ኮን ቢም ሲቲ፣ መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው ራጅ፣ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ እንደ ማሽኑና እንደተመረጠው የምስል ስፋት ከጥቂት ማይክሮሲቨርት ተነሥቶ እስከ አንድ ሺህ ድረስ ሊሄድ ይችላል። "ሲቲ ስለሆነ የተሻለ ነው" ብሎ ለአንድ የተቦረቦረ ጥርስ ማዘዝ የማይገባው ለዚህ ነው።

ታካሚ "ይኼ ነገር ካንሰር አያመጣም?" ብሎ ሲጠይቃችሁ በቀናት አስልታችሁ ንገሩት፤ ይገባዋል። "ምንም የለውም" ግን አትበሉት። ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ሕፃናት ላይ ደግሞ የሰውነት ሕዋሳት ገና እየተባዙ ስለሆነና ከፊታቸው ረጅም ዕድሜ ስላለ ያው መጠን የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ ለልጅ የማሽኑን የልጅ ቁልፍ ተጠቀሙ። በአዋቂ ሰዓት፣ ማለትም ጨረሩ ለአዋቂ በሚቆይበት ጊዜ፣ ልጅ ማንሳት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ምስሉም ጠቁሮ ስለሚወጣ ጥቅሙ ለማንም አይደለም።

ይህ ጥንቃቄ የተገኘው በዋጋ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኘው በኅዳር ወር 1895 እ.ኤ.አ. ነው። ገና ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በጥር 1896፣ ኦቶ ዋልክሆፍ የተባለ ጀርመናዊ የጥርስ ሐኪም የራሱን ጥርስ አስነሣ፤ ጨረሩ ፊቱ ላይ 25 ደቂቃ ቆየ። ዛሬ የምንሠራው ከግማሽ ሰኮንድ በታች ነው። በኒው ኦርሊንስ ደግሞ ኤድመንድ ኬልስ የተባለው ሐኪም ጨረሩን የሚያመነጨውን ቱቦ፣ የቲዩቡን፣ ጥንካሬ የሚያስተካክለው የራሱን እጅ ጨረሩ ውስጥ አስገብቶ እያየ ነበር። ጣቶቹ፣ ቀጥሎ እጁ፣ ቀጥሎ ክንዱ ተቆረጠ፤ በ1928 ሞተ። በዚያው ዘመን በቦስተን የነበረው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሮሊንስ ቲዩቡ በእርሳስ ቤት ይሸፈን፣ ጨረሩ ይጣራ፣ ይጥበብ እያለ ሲጽፍ ብዙ ሰው አልሰማውም። ዛሬ ማሽናችሁ ላይ የምታዩት መከላከያ በሙሉ ማለት ይቻላል እሱ ያለው ነው።

ቲዩቡ ውስጥ የሚሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የጋለ የተንግስተን ሽቦ ኤሌክትሮን ይተፋል፤ ከ60 እስከ 70 ኪሎቮልት ያለው ግፊት ኤሌክትሮኑን ወደ ተንግስተን ዒላማ ይወረውረዋል። ከጉልበቱ 99 በመቶ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ራጅ የሚሆነው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ማሽኑ በምስልና በምስል መካከል እንዲያርፍ መመሪያው ያዘዘውን ጊዜ አትዝለሉት። የሚወጣው ጨረር ሁሉ ደግሞ ለሥራ አይሆንም። ደካማው ክፍል ጉንጭ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ፊልሙ ጋ አይደርስም፣ ታካሚውን ግን ያገኘዋል። ይህን የሚያስቀረው የአልሙኒየም ማጣሪያ ነው፤ እስከ 70 ኪሎቮልት ለሚሠራ ማሽን 1.5 ሚሊሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 2.5 ሚሊሜትር ያስፈልጋል። የጥገና ሰው የማሽኑን ጭንቅላት ከፍቶ ሲዘጋ ማጣሪያው ወደ ቦታው መመለሱን ጠይቁ።

አሁን ወደ ኮኑ ጫፍ እንምጣ፤ ትልቁ ብክነት እዚህ ነው። በአዋቂ አፍ የምንጠቀምበት ባለ 2 ቁጥር ፊልም 31 በ41 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 13 ካሬ ሴንቲሜትር ገደማ። ክብ ኮን ቆዳ ላይ የሚጥለው ጨረር ደግሞ ዲያሜትሩ እስከ 7 ሴንቲሜትር ይፈቀዳል፤ ሲሰላ 38 ካሬ ሴንቲሜትር ከምናምን። ወረቀት ላይ አስሉት፦ ከጨረሩ ሁለት ሦስተኛው ፊልሙን አያገኘውም። ምራቅ ዕጢን፣ ምላስን፣ አንዳንዴም ታይሮይድን አግኝቶ ያልፋል፤ በዚያ ላይ ተበታትኖ ምስሉን ያደበዝዛል። አራት ማዕዘን ኮሊሜተር ጨረሩን ከፊልሙ ትንሽ ብቻ ሰፋ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ መጠኑም 60 በመቶና ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ለብዙ ማሽኖች ኮኑ ጫፍ ላይ የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ ሆኖ ይሸጣል። ክሊኒካችሁ ለደኅንነት አንድ ነገር ብቻ ይገዛል ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

"ግን ኮን ከት፣ ጨረሩ ፊልሙን በከፊል መሳቱን፣ ያበዛል" የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሣል። እውነት ነው፤ ጠባብ ጨረር በግምት ለሚያነጣጥር እጅ ይቅርታ አያደርግም፣ ከምስሉ አንድ ጎን ነጭ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ቀለበት ያለው የፊልም መያዣ ነው። ኮኑን ከቀለበቱ ጋር ካገጠማችሁት ጨረሩ ፊልሙን አይስተውም። የፊልም መያዣ የሌለው ክሊኒክ ታካሚው ፊልሙን በአውራ ጣቱ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ጣቱም ጨረሩ ውስጥ ይገባል፣ ፊልሙም ይጎብጣል። ሠራተኛ የታካሚን ፊልም መያዝ ደግሞ ጨርሶ ክልክል ነው። ሕፃን መያዝ ካስፈለገ ወላጅ ኤፕረን ለብሶ፣ እጁን ከጨረሩ መንገድ አውጥቶ ይያዘው።

መያዣው የሚያሠራን ፓራሌል ቴክኒክ ነው፦ ፊልሙ ከጥርሱ ርዝመት ጋር ትይዩ፣ ጨረሩ ለሁለቱም ቀጥ ያለ። ይህ የማይቻልበት አፍ አለ፤ ላንቃው ዝቅ ያለ፣ ወይም ትውከት የሚያስቸግረው። ያኔ በጥርሱና በፊልሙ መካከል ያለውን ማዕዘን ለሁለት ከፍላችሁ ጨረሩን ለዚያ መስመር ቀጥ አድርጋችሁ ትሠራላችሁ። መነሻ የሚሆኑ ማዕዘኖች፦ ለላይኛው የፊት ጥርሶች ከላይ ወደ ታች ከ40 እስከ 50 ዲግሪ፣ ለላይኛው ክራንቻ 45፣ ለትንንሾቹ መንጋጋዎች 30፣ ለትልልቆቹ 20። ለታችኛው መንጋጋ ከታች ወደ ላይ፦ የፊት ጥርሶች 15፣ ክራንቻ 20፣ ትንንሽ መንጋጋ 10፣ ትልልቁ 5። የታካሚው ጭንቅላት ወደ ኋላ ዘንበል ካለ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ዋጋ የላቸውም፤ የሚነሣው መንጋጋ ጥርሶች የሚነክሱበት መስመር ከወለሉ ጋር እኩል ይሁን።

ስሕተቱን ከምስሉ ማንበብ ልመዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላችን እንደሚረዝም፣ እኩለ ቀን ላይ እንደሚያጥር ሁሉ፣ ጨረሩ ሲጋደም ጥርሱ ይረዝማል፣ ከመጠን በላይ ሲቆም ያጥራል። ስለዚህ የሥሩ ጫፍ ከፊልሙ ውጪ ወጥቶ ጥርሱ ረጅም ከሆነ ማዕዘኑን ጨምሩ፤ ደንዳናና አጭር ከሆነ ቀንሱ። ጎን ለጎን ያሉ ጥርሶች ከተደራረቡ ችግሩ የግራና ቀኙ ማዕዘን ነው፤ ቢትዊንግ ላይ፣ ታካሚው ነክሶ የላይና የታች ጥርሶች አክሊል አብሮ በሚነሣበት ምስል ላይ፣ ይህ ሲሆን የተነሣችሁለትን ነገር፣ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለውን መቦርቦር፣ አታዩትም። ምስሉ ገርጥቶ በላዩ የጎማ ዱካ የመሰለ ሽንትር ከታየበት ፊልሙ ተገልብጦ ገብቷል፤ ሽንትሩ ከጀርባው ያለው የእርሳስ ወረቀት ቅርጽ ነው። ይኼ ግራና ቀኝንም ስለሚያምታታ አደገኛ ነው፤ የማይታመመውን ጥርስ ሊያስነቅል ይችላል። ፊልሙ ጥግ ላይ ያለችው እብጠት ሁልጊዜ ወደ ቲዩቡ ትዙር። ጥቁር የጨረቃ ቅርጽ ያለው ምልክት ፊልሙ በጣት ታጥፎ እንደነበር ይናገራል።

የታችኛው መንጋጋ ላይ ታካሚው "ይወጋኛል" ሲል ብዙ ጊዜ ፊልሙ ድዱ ላይ ተለጥፎ ነው። ወደ ምላሱ በኩል አርቃችሁ አስቀምጡት፤ ታካሚው ቀስ እያለ ሲነክስ የአፉ ወለል ስለሚላላ ፊልሙ ራሱ ይወርዳል። ላይ ደግሞ ትውከት የሚመጣው ፊልሙ ላንቃ ላይ ሲንሸራተት ነው። ወደ ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ አስጠጉ፣ በአፍንጫው ይተንፍስ። ሰዓቱንና ማዕዘኑን ፊልሙ አፍ ውስጥ ከመግባቱ በፊት አዘጋጁ። የፊት ጥርሶችን አስቀድማችሁ አንሡ፤ የመጨረሻው መንጋጋ ጋ ስትደርሱ ታካሚው ለምዶታል።

ጨለማ ክፍል ያላችሁ ደግሞ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። በፊልም ከሚሠሩ ቦታዎች የማይታይ ብክነት የሚፈጠረው እዚያ ነው። ዴቬሎፐሩ፣ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ ሲያረጅ ምስሉ ይገረጣል። ባለሙያው ኬሚካሉን በመቀየር ፈንታ የጨረሩን ሰዓት ይጨምራል። ምስሉ ይስተካከላል። በሚቀጥለው ሳምንት ኬሚካሉ የባሰ ይደክማል፣ ሰዓቱ እንደገና ይጨመራል። ማንም ሳያስተውለው ታካሚው የኬሚካሉን ዋጋ በጨረር ይከፍላል ማለት ነው። ሌላው ጥፋት ምስሉ በቀይ መብራት ሥር "ሲታይ" ማውጣት ነው። የሚሠራው በሙቀትና በሰዓት ነው፦ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 5 ደቂቃ፣ በ22 ዲግሪ 4 ደቂቃ፣ በ24.5 ዲግሪ 3 ደቂቃ፣ 27 ዲግሪ አካባቢ 2 ደቂቃ ተኩል። ድሬዳዋና አዳማ ላይ ያለ ክሊኒክ የአዲስ አበባን ሰዓት ከተጠቀመ ያጠቁረዋል። ቴርሞሜትር ገንዳው ውስጥ ይኑር። ከዴቬሎፐር በኋላ 30 ሰኮንድ በውኃ፣ ምስሉን በሚያጸናው ኬሚካል፣ በፊክሰር፣ ውስጥ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ። በደንብ ያልታጠበ ፊልም ከወራት በኋላ ቡናማ ይሆናል። ያገለገለ ፊክሰር ብር አለው፣ የፊልሙ ጀርባ ደግሞ እርሳስ ነው፤ የመጀመሪያው በቧንቧ አይደፋም፣ ሁለተኛው ከተራ ቆሻሻ ጋር አይጣልም።

ክፍሉ ብርሃን ያስገባ እንደሆነ የምታውቁት በአንድ ብር ሳንቲም ነው። ፊልም ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፣ ሳንቲሙን ላዩ ላይ አስቀምጡ፣ ቀይ መብራቱ በርቶ ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ አጥቡት። የሳንቲሙ ክብ ከታየ ብርሃን አለ፤ በሩን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን፣ የመብራቱን ማጣሪያና ርቀቱን ተመልከቱ። 15 ዋት አምፖል ከሥራው ጠረጴዛ 1.2 ሜትር ይራቅ።

ዲጂታል የገባ ክሊኒክ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል፤ ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ፎስፈር ፕሌት ከመጠን በላይ ጨረር ቢያርፍበትም ሶፍትዌሩ አስተካክሎ ቆንጆ ምስል ያሳያል። ምስሉ ስላማረ ማንም ሰዓቱን አይቀንስም። ምስሉን ወዲያው ወደ ኮምፒውተር በሚልከው በሴንሰር ደግሞ ድጋሚ ማንሳት ቀላል ስለሆነ "አንዴ ድገመው" ይበዛል። አምራቹ ያስቀመጠውን ሰዓት አስገቡ፤ ምስሉ መሻከር እስኪጀምር ደረጃ በደረጃ ቀንሱና ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ቻርቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። መብራት የሚዋዥቅበት አካባቢ ድሮ የተሠራ ማሽን ካላችሁ ስታቢላይዘር ይኑረው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ምስሉ ይገረጣል፣ ጥፋቱ ግን በባለሙያው ይላከካል። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣ ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሊሆን ስለሚችል በእኛ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ላይ መሐንዲስ ሳያየው አትሰኩት።

ፓኖራሚክ ላይ አብዛኛው ድጋሚ ከአቀማመጥ ይመጣል። ጉትቻ፣ ሐብል፣ መነጽር፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይውለቅ፤ የቀረች ጉትቻ በተቃራኒው ጎን ከፍ ብላ እንደ ደብዛዛ ጥላ ትወጣለች። አገጭ ወደ ታች ካዘቀዘቀ የጥርሱ መስመር በጣም ፈገግ ያለ ይመስላል። ታካሚው ወደ ፊት ከቀረበ የፊት ጥርሶች ይቀጥናሉ፣ ወደ ኋላ ከራቀ ይወፍራሉ። ምላሱን ላንቃው ላይ ካላስጠጋ በላይኛው ሥሮች ላይ ጥቁር አየር ያርፍና "ቁስል ነው ወይስ አየር?" ያሰኛል።

አሁን ስለ ራሳችን። ቁልፉን የምትጫኑት ከታካሚው ቢያንስ 2 ሜትር ርቃችሁ፣ ከጨረሩ አቅጣጫ ከ90 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ጎን ቆማችሁ፣ ወይም ጨረር ማገዱ ከተለካ ግድግዳ ጀርባ ሆናችሁ ነው። ርቀት ርካሽ መከላከያ ነው፤ ከ1 ሜትር ወደ 2 ሜትር ስትሄዱ የሚደርስባችሁ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። በኪራይ ሕንፃ ላይ በአልሙኒየምና በመስታወት የተከፈለ ክፍል መከላከያ ይመስላል እንጂ ተለክቶ ካልታወቀ አትመኑበት፤ ከጀርባው የሚቀመጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካርድ የምትሰጠው ልጅ ናት። ለሠራተኛ የተቀመጠው ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለሕዝብ 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ በትክክል የሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ ከሁለቱም በጣም ዝቅ ይላል። በእጅ የሚያዙት ማሽኖች ላይ ኮኑ ጫፍ ያለው ግልጽ ክብ ጋሻ የሚመለሰውን ጨረር የሚያግድ ነው፤ "እይታ ይከልለኛል" ተብሎ መውለቅ የለበትም። ጋሻ ሳይኖራቸው በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡ አሉ፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2012 ስለነሱ አስጠንቅቋል። በአገራችን የጨረራ መሣሪያ ያለው ሁሉ ከኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ እንጂ ከገዛችሁ በኋላ አይደለም።

ኤፕረኑ ጋ ደረስን። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ኤፕረንም የታይሮይድ ኮላርም (አንገት ላይ የሚታሰረው መከላከያ) ለታካሚ በመደበኛነት አያስፈልጉም ብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጨረሩ ጠቦ ከተነጣጠረ ሆድ ላይ የሚደርሰው ከራሱ ከአካሉ ውስጥ የሚበተነው ነው፣ እሱን ደግሞ ኤፕረኑ አያግደውም። ፓኖራሚክ ላይ ኮላሩ ጨረሩን ከልሎ ድጋሚ ያስነሣል። እንዲህ ስል ግን ምክሩ የቆመው በጠባብ ጨረርና በፈጣን ምስል ላይ መሆኑን እንዳትረሱ። ክብ ኮንና ዲ ፊልም ይዞ ኤፕረን መጣል ትርፉን ትቶ ኪሳራውን ማንሳት ነው። ፈቃዳችሁ ኤፕረን ካዘዘ ይኑራችሁ፤ ሳይታጠፍ ይሰቀል፣ ሲታጠፍ ውስጡ ይሰነጠቃል። ነፍሰ ጡር ሴትም ቢሆን ሕመሟ ራጅ የሚጠይቅ ከሆነ ትነሣለች። ማኅፀን ጋ የሚደርሰው እጅግ ትንሽ ነው፤ መግል ይዞ ሳይታከም የቀረ ጥርስ ለእናትየውም ለፅንሱም ይከፋል። ለመደበኛ ምርመራ ብቻ የታሰበው ግን ከወሊድ በኋላ ይቆይ።

ከመነሣቱ በፊት ደግሞ "ምን ልይበት ነው?" የሚል ጥያቄ ይቅደም፤ ታካሚው ወንበር ላይ ሳይመረመር ራጅ አይታዘዝም። መቦርቦር የማያሰጋው አዋቂ ቢትዊንግ የሚያስፈልገው ከ24 እስከ 36 ወር፣ የሚያሰጋው ከ6 እስከ 18 ወር ነው። ከሌላ ክሊኒክ የተነሣ ካለው ይዞት ይምጣ። እናንተም ለታካሚ ፋይሉን ስጡት፤ ከስክሪን በስልክ የተነሣ ፎቶ ሌላው ሐኪም አያነብበውም፣ ደግሞ ያስነሣዋል።

በመጨረሻ ነገ ጠዋት የሚጀመር አንድ ሥራ ልስጣችሁ፦ የድጋሚ ደብተር። አምስት ዐምድ ይበቃል፤ ቀን፣ የተነሣው ጥርስ፣ የስሕተቱ ዓይነት፣ ያነሣው ሰው፣ የተጠቀመበት ሰዓት። ስም የሚጻፈው ለመቅጣት አይደለም፤ ለመቅጣት ከሆነ ማንም አይጽፍበትም። በወሩ መጨረሻ ቁጠሩት። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች በምስሉ አጥረው መውጣት ከበዛ የማዕዘን ልምምድ ያስፈልጋል። ከሁሉም ሰው እጅ የገረጣ ምስል ከወጣ ሰው አትውቀሱ፤ መጀመሪያ ገንዳውን፣ ቀጥሎ የመብራቱን ቮልቴጅ እዩ።